የሐሙስ ሰረዞች፦ ለመገኘትና ለማርክ ልጆችን ስለመሸለም

የወላጆች ቀን የሚከበረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ከየክፍሉ የወጣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ሚኒ ሚዲያው ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኽ ያረፍዳል፣ ርእሰ መምህሩ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ዝርዝሩ ይነበባል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው እየተጠራ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ደብተር ይቀበላሉ፤ አንደኛ ለወጣው መዝገበ ቃላት ይጨመርለታል። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሳስተምር፣ ከዚህ ዝርዝር ላይ አንድ አዲስ ሽልማት ተጨመረ፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ላልቀረ ተማሪ። ከእኔ ክፍል የተሸለመችው ልጅ አባቷ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ቤታቸው የግቢውን አጥር ተደግፎ የተሠራ ነው፤ ደወሉ ሲደወል ቁርሷን ጨርሳ ብትነሳ እንኳ ሰልፍ አያመልጣትም።

በዚያው ስም መጥሪያ ላይ፣ ከእርሷ ስም ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የሌላ ልጅ ስም ነበረ። ለቀረ ተማሪ ሰረዝ አደርግ ስለነበር የዚህ ልጅ መስመር ከሩቅ ይታወቃል፤ በየሳምንቱ አንድ ሰረዝ አለው፣ ሰረዙም ሁልጊዜ ሐሙስ ላይ ነው። ሐሙስ የከተማዋ ገበያ ቀን ነው። እናቱ በርበሬና ሽንብራ ይቸረችሩ ነበር፤ ከገበሬ ለመግዛት በሌሊት ወደ ዳር ሲወጡ ጉሊቱን የሚጠብቅላቸው ልጁ ነው። ከስልሳ አራት ተማሪ አሥራ አንደኛ ወጣ። ማንም አልሸለመውም፤ የሚሸለምበት ረድፍም አልነበረም።

ትምህርት ቤቶች ልጆችን ለመገኘትና ለማርክ መሸለም አለባቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው። የእኔ ክርክር ጠባብ ነው፦ ትምህርት ቤት የሚሸልመው ልጁ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለውን ነገር መሆን አለበት። መገኘትና ደረጃ ግን፣ በተለይ በእኛ አገር፣ ከልጁ እጅ ይልቅ በቤተሰቡ እጅ፣ በመምህሩ እጅ፣ አንዳንዴም በዝናቡ እጅ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አያጣም። ሸለመ ማለት በመነሻው አስጌጠ፣ አሳመረ ማለት ነው። ካባና ጎፈር ለሠራ ሰው፣ ከሠራ በኋላ፣ በሰው ፊት የሚሰጡ ጌጦች ናቸው፤ ዋጋው ቀድሞ አይቆረጥም። ዋጋው ቀድሞ ከተቆረጠ ነገሩ ደመወዝ ይሆናል። የሚያለቅስ ልጅ ዝም እንዲል የሚሰጠው ከረሜላ ማባበያ ነው፤ ያው ከረሜላ የሰውን ሐሳብ ለማስለወጥ ከተሰጠ ደግሞ መደለያ ይባላል። የጎደለበትን ሰው መሙላት ድጎማ ነው። የመሥሪያ ቤት አማርኛችን እነዚህን ሁሉ «ማበረታቻ» በሚል አንድ ቋት ከቶ ስለሚያስቀምጣቸው ስለ ደብተር ሽልማት፣ ስለ ምገባና ስለ ጥሬ ገንዘብ በአንድ ትንፋሽ እንከራከራለን። ልጁ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

በአብነት ትምህርት ቤቱ ልማድ አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ ይደግሳል፤ ለየኔታም ስጦታ አይቀርባቸውም። ከዚህ ድግስ ሁለት ነገር ይታየኛል። ዳዊቱን የደገመ ሁሉ ይደገስለታል፤ አንዱ በሁለት ዓመት ሌላው በአራት ዓመት ቢደርስበትም ቀድሞ የጨረሰው የኋለኛውን ድግስ አይቀማውም። የኔታም አብረው ይመሰገናሉ፣ ምክንያቱም የልጁ ዕውቀት የእርሳቸውም ሥራ ነው። (አለንጋቸውን ረስቼ አይደለም። ያንን ዘመን በናፍቆት ብቻ የሚያወሩት አብዛኞቹ ከአለንጋው ያመለጡት ይመስሉኛል።) ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሽልማቱን ከደረጃ ጋር ሲያቆራኘው ሁለቱም ነገሮች ጠፉ።

ስለ ሽልማትና ስለ ልጆች ፍላጎት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት፣ በራሳቸው ጊዜ በቀለም እስክሪብቶ መሣል የሚወዱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች መርጠው በሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን «ከሣላችሁ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይነገረው ሥሎ ሲጨርስ ያንኑ ወረቀት አገኘ። ሦስተኛው ቃልም ሽልማትም አልተሰጠውም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ እስክሪብቶዎቹ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሽልማት ሲቀመጡ፣ ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሣል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ምንም አልቀነሱም። ተመራማሪዎቹ አማርኛ ባያውቁም የለኩት በሽልማትና በደመወዝ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ከዚህ ጥናት በኋላ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ የዘለቀ ትልቅ ሙግት ተነሣ። በ1994 እ.ኤ.አ. ጁዲ ካሜሮንና ዴቪድ ፒርስ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስበው ጉዳቱ የተጋነነ ነው አሉ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ዴሲ፣ ሪቻርድ ኮስትነርና ሪቻርድ ራያን 128 ጥናቶችን መርምረው ጉዳቱ አለ ብለው መለሱ። ሁለቱም ወገን ከሞላ ጎደል የሚስማማበት ግን አለ፦ ፈጽሞ በማይስብ ሥራ ላይ ሽልማቱ የሚገድለው ፍላጎት የለም። እዚህ ላይ የእኛ አገር መምህር ሊስቅ ይችላል። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከጥቁር ሰሌዳ እየገለበጠ የሚውል ልጅ የሚጠፋ ፍቅር የት አለው? እኔም ይህንኑ እል ነበር። ነገር ግን አንደኛ ክፍል ገብታችሁ «ሀ» በሉ ሲባሉ ጣራው እስኪነቃነቅ የሚጮኹትን ስሙ፤ ፍቅሩ መጀመሪያ አለ። አምስተኛ ክፍል ስንደርስ የምንፈልገው ያንን ራሳችን ያጠፋነውን ነው።

ስለ ገንዘብ ከተደረጉት ሰፋፊ ሙከራዎች አንዱ የሮላንድ ፍራየር ነው፤ የኢኮኖሚክስ ባለሙያው ሥራውን ያሳተመው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ ከተሞች፣ ከሁለት መቶ በላይ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ለተማሪዎች በቀጥታ ገንዘብ ተከፈለ፤ ማን እንደሚከፈለው የተለየውም በዕጣ ነው። በኒው ዮርክ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ፈተና እስከ 25 ዶላር፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እስከ 50 ዶላር እንደ ውጤቱ ያገኛል። በቺካጎ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለኤ 50፣ ለቢ 35፣ ለሲ 20 ዶላር ይቆጠርለታል፤ ግማሹ ግን እስኪመረቅ ይያዝበታል። በዳላስ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ መጽሐፍ አንብቦ አጭር ጥያቄ በመለሰ ቁጥር 2 ዶላር ይሰጠዋል።

ትልቁ ገንዘብ የፈሰሰው ኒው ዮርክና ቺካጎ ነበር፤ የፈተና ውጤት ግን አልተነቃነቀም። በንባብ ግንዛቤ መሻሻል ያሳዩት በሁለት ዶላር መጽሐፍ የሚያነቡት የዳላስ ሕፃናት ናቸው፤ በስፓኒሽ በሚፈተኑት ላይ ግን ጭማሪው አልታየም። ፍራየርን ተከትዬ የምደመድመው የኒው ዮርክ ልጆች ገንዘቡን ጠልተው እንዳልሆነ ነው። ልጆቹ በሽልማቱ ተደስተዋል፤ ተጨማሪ ለማግኘት ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ ግን ስለ ፈተና አሠራር ዘዴ ተናገሩ፦ ጥያቄውን ደጋግሞ ማንበብ፣ መልስን መልሶ ማየት። ስለ ማጥናት፣ የቤት ሥራ ስለ መሥራት፣ ያልገባቸውን መምህር ስለ መጠየቅ ያነሣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዋጋው ተነግሯቸዋል፤ መንገዱን ግን አያውቁትም። የዳላሱ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ጥያቄ የለውም፤ መጽሐፉን ያነሣል።

ይህን ይዘን ወደ ሰኔው ሜዳ እንመለስ። «አንደኛ ውጣ፣ እሸልምሃለሁ» የሚል አባት ልጁን የኒው ዮርክ ተማሪ ያደርገዋል። ልጁ የሚታየው ማርክ ነው፤ ማርክ ደግሞ በብዙ በር ይገኛል። አንዱ በር ጥናት ነው። ሌላው ኩረጃ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ለተፈተኑት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው ይህ ሁለተኛው በር ወለል ብሎ ስለተከፈተ ነው፤ በሩ ሲዘጋ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ተፈታኞች ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው ሜዳ ላይ ደብተር የተቀበሉ ነበሩ ብል የምሳሳት አይመስለኝም። የተሸለሙበት ማርክ ከምን ጋር እንደሚተካከል ማንም አልነገራቸውም።

ሽልማት ስለሚሰጥበት ጊዜም አንድ ነገር ልበል። ስቲቨን ሌቪትና ባልደረቦቹ በቺካጎና በአካባቢዋ ባደረጉት ሙከራ፣ ከፈተናው ጥቂት ደቂቃ በፊት ሽልማት እንዳለ ተነግሯቸው ወዲያው የተሰጣቸው ልጆች ውጤታቸው ከፍ አለ፤ ሽልማቱ ከአንድ ወር በኋላ ይሰጣችኋል የተባሉት ግን ምንም አልጨመሩም። ወዲያው የተከፈላቸውም ቢሆኑ በዚያች ደቂቃ ዕውቀት ሊጨምሩ አይችሉም፤ የጨመሩት ትጋት ነው። የእኛ ሽልማት የሚዘገየው አንድ ወር አይደለም። በመስከረም ለተጀመረ ጥናት በሰኔ ይከፈላል፤ ለአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ ሰኔ ሌላ አገር ነው።

አሁን ወደ መገኘት። ካርሊ ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ 14 የትምህርት ወረዳዎች ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ 15,329 ተማሪዎችን ይዘው የመገኘት ሽልማትን ሞከሩ። ከፊሎቹ «በሚመጣው ወር ካልቀራችሁ ትሸለማላችሁ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ቀደም ሲል አንድ ወር ሙሉ ሳይቀሩ ስለመጡ በድንገት ተሸለሙ። ቃል የተገባላቸው በአማካይ አልተለወጡም። በድንገት የተሸለሙት ግን በቀጣዩ ወር ይበልጥ ቀሩ። ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ልብ የሚነካ ነው፦ ሽልማቱ ለልጁ ሳይታሰብ መልእክት አድርሷል። «ከጓደኞችህ በላይ መጥተሃል፤ ትምህርት ቤቱም ይህን ያህል አልጠበቀብህም» ብሎታል። ልጁም ትንሽ ቢቀር ግድ እንደሌለው ተረዳ።

ከላይ ስለ ስታንፎርድ ሕፃናት ያልኩትን ያስታወሰ አንባቢ እዚህ ሊያስቆመኝ ይገባል። በዚያ ያልተጠበቀ ሽልማት አልጎዳም፤ በዚህ ጎዳ። እኔ የማየው ልዩነት ይህ ነው፦ ሥዕል የልጁ ሥራ ነው፣ ወረቀቱም ሥራውን አደነቀለት። ትምህርት ቤት መምጣት ግን የሁሉም ግዴታ ነው፤ ግዴታ ሲሸለም ትርፍ ሥራ ይመስላል።

ይህ የካሊፎርኒያ ልጅ ነገር ነው፤ የእኛ ልጅ የሚቀርበት ምክንያት ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ አለ፣ በገበያ ቀን ጉሊት አለ፣ ሴት ልጅ ከሆነች ውኃና ታናናሾች አሉ፣ ቆላ ከሆነ ወባ አለ። ስለዚህ በኢትዮጵያ በመገኘት ላይ ለውጥ ያመጡት ጥረቶች አቅጣጫቸው የቤተሰቡ ጓዳ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ትምህርታቸውን ለሚከታተሉ ሴት ልጆች ወደ ቤት የሚወስዱት ዘይት ይሰጥ ነበር፤ ዘይቱን የምትጠብቀው እናት ልጅቷን የምትልክ እናት ናት። በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለ ገጠር ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብርሃን ሕይወት የተሰኘ ፕሮግራም የደብተርና የእስክሪብቶ ድጋፉን ከማኅበረሰብ ውይይት ጋር አጣምሮ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች ለርቢ የምትሆን እንስሳ ይሰጥ ነበር። በግምገማው ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ከሌላው ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ምገባ ሲጀመር መጋቢ እናቶች ከሰልፍ በፊት ሻይና ዳቦ ሲያድሉ ያየ ሰው ይህን ሽልማት አይለውም። ማንም ከማንም በልጦ አልበላም።

እነዚህ ሁሉ ድጎማ ናቸው፤ እኔ እደግፋቸዋለሁ። ጥንቃቄ የሚያሻው ድጎማው በስም መጥሪያ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ዘይት ወይም ገንዘብ በመገኘት መቶኛ ከተወሰነ፣ መቶኛውን የሚጽፈው መምህር ደግሞ ቤተሰቡን የሚያውቅና በዚያው መንደር የሚኖር ከሆነ፣ ሰረዞቹ መሳሳታቸው አይቀርም። እኔም ያን ልጅ አንዳንድ ሐሙስ «ተገኝቷል» ብዬ ለመጻፍ እጄ ተነሥቶ ያውቃል። አንዳንድ መምህራን ለመገኘትና ለደብተር ጥራት አምስት አምስት ማርክ የመስጠት ልማድ አላቸው፤ አሠራሩ ሲታይ ለሥርዓት የቆመ ይመስላል፣ ነገር ግን የሒሳብ ማርኩ ውስጥ የጉሊት ቀን ይቀላቀልበታል።

ከእኔ ክርክር ጋር የማይስማማ አንድ ጥናት አለና ልለፈው አልፈልግም። ማይክል ክሬመር፣ ኤድዋርድ ሚጌልና ሬቤካ ቶርንተን በምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያና ቴሶ በተባሉ ወረዳዎች፣ በወረዳው ፈተና ከላይኛው 15 በመቶ ውስጥ ለገቡ የስድስተኛ ክፍል ልጃገረዶች ለሁለት ዓመት በየዓመቱ 500 ሽልንግ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ 1,000 ሽልንግ ደግሞ ለቤተሰብ ሰጡ፤ በሕዝብ ፊትም ተመሰገኑ። ይህ ለማርክ የተሰጠ ሽልማት ነው። ሠርቷልም፤ የልጃገረዶቹ ውጤት ጨመረ። ይበልጥ የሚገርመው ለሽልማቱ የማይወዳደሩት ወንዶችና የማሸነፍ ተስፋ ያልነበራቸው ደካማ ልጃገረዶችም መሻሻላቸው ነው። ያላገኘ ሰው እንዴት ይሻሻላል? ጥናቱ ከሚያመለክታቸው ነገሮች አንዱ መምህራን ከክፍል መቅረት መቀነሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ተማረ። ውጤቱ ቡሲያ ላይ ጎልቶ ሲታይ ቴሶ ላይ ግን ፕሮግራሙ ከማኅበረሰቡ እምነት ስላላገኘ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወጡበት።

ኬንያ እንግዲህ ታርመኛለች፤ ግማሽ መንገድ። ሽልማቱ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ካነቃነቀ፣ ወላጅም መምህሩን «ልጄ እንዴት ናት?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ፣ ሁሉም ይጠቀማል። ሽልማቱ ግን የቁርጥ መስመር ነበረው፤ 15 በመቶው በወረዳው ካሉት የፕሮግራሙ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ነው፣ ከአንድ ክፍል አሥር ልጅ ሊገባ ይችላል። ከስልሳ አራት ሦስት የሚሸልም ክፍል ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት የመጀመሪያው ፈተና ሲመለስ ሦስቱ እነማን እንደሚሆኑ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። የሚወዳደሩት ምናልባት እስከ ሰባተኛ ያሉት ናቸው፤ ሌሎቹ አጨብጫቢ ናቸው። አንደኛ የወጣችው ልጅ ራሷ ለጎን ጓደኛዋ የቤት ሥራ ማሳየት ስታቆም አይቻለሁ። «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት ጎበዙ ተማሪ ሌሎቹን እንዲያስጠና ሲመደብ የኖረውም በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው፦ በግራ እጃችን አስጠናቸው እያልን በቀኝ እጃችን ብለጣቸው እንለዋለን።

ታዲያ ከደረጃ ይልቅ መሻሻል ይሸለም የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንድ ጊዜ ሞክሬው በሁለተኛው ዓመት ሁለት ጎበዞች የአንደኛውን መንፈቅ ፈተና ሆን ብለው አበላሽተው ጠበቁኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሒሳቡ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የምመርጠው የዳላሱን ዓይነት ነው፦ ተነብቦ የተተረከ መጽሐፍ፣ ተሠርቶ የተመለሰ የቤት ሥራ፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የተፈታ ጥያቄ። ለዚህ የሚሰጠውም ትንሽና ቅርብ መሆን ይበቃዋል፤ ያነበበውን በሰልፍ ላይ እንዲተርክ መፍቀድ ብዙ ጊዜ ከደብተር በላይ ነው። በስፓኒሽ የሚፈተኑትን የዳላስ ልጆችም አንርሳ። መጽሐፉ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ካልሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ከዋለ፣ ለንባብ የሚሰጥ ሽልማት ቤቱ መጽሐፍ ላለው ልጅ ብቻ ይደርሳል።

ስለ ሐሙሱ ልጅ ግን ያደረግነው ይህን አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛ ክፍል ይዤው ስወጣ ከመርሐ ግብር አውጪው መምህር ጋር ተቀመጥኩ። ስሙን አልጠራሁለትም፤ ስም መጥሪያውን ገልጬ አሳየሁት። የሐሙስ ሰረዝ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ሁለታችንም ቆጥረን አየን። ሐሙስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበረ፤ ወደ ማክሰኞ አዛወርነው። ልጁ ያንንም ዓመት ጉሊት ጠበቀ፣ ሰረዞቹም እንደነበሩ ቀሩ፤ ከሥራቸው የወደቀው ግን የእጅ ሥራና ስፖርት ሆነ።